ቴሌብር በሦስት ትውልድ እጅ፦ የአንድ አገልግሎት ግምገማ

ስለ ቴሌብር፣ ማለትም ስለ ኢትዮ ቴሌኮም የስልክ ገንዘብ አገልግሎት፣ የሚሰጠው አብዛኛው አስተያየት የመተግበሪያውን ፍጥነት፣ የገጹን አቀማመጥና በየጊዜው የሚጨመሩትን አገልግሎቶች ብዛት መለኪያ ያደረገ ነው፤ አስተያየት ሰጪዎቹም በአመዛኙ ዘመናዊ ስልክ ይዘው ያደጉ ወጣቶች ናቸው። እኔ አገልግሎቱን የምመዝነው በሌላ ጥያቄ ነው። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አብረው በሚኖሩበት ቤት ውስጥ ሦስቱም ቴሌብርን በየራሳቸው ስልክ፣ የሚስጥር ቁጥራቸውን ለሌላው ሳያካፍሉ፣ በራሳቸው ውሳኔ ሊገለገሉበት ይችላሉ? አያቲቱ በከፊል ይችላሉ። መካከለኛው ትውልድ መጀመሪያ ተገዶም ቢሆን ችሏል። ወጣቱ ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ይችላል፤ ይህ የመጨረሻው ነገር ምስጋና ይሁን ነቀፋ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በይፋ ሥራ ያስጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በስልክ ገንዘብ ማስተላለፍ ያን ዕለት የተፈጠረ ነገር አልነበረም፤ ኤምብር፣ ሄሎካሽና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቢኢ ብር ቀድመው ነበሩ። ለውጡን ያመጣው የስልክ መስመሩ ባለቤትና የገንዘብ አገልግሎቱ ባለቤት አንድ መሆናቸው ነው። የባንክ ደብተር ኖሮት የማያውቅ ሰው እንኳ ሲም ካርድ ካለው ተመዝግቦ ገንዘብ ሊቀበል፣ ሊልክ፣ ከወኪል ሊያወጣ ይችላል። ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ እንዳለው ኩባንያው በዓመታዊ ሪፖርቶቹ አሳውቋል፤ ከዚህ ቁጥር ውስጥ ስንቱ በራሱ እጅ፣ ስንቱ በልጁ እጅ እንደሚገለገል ግን የተመዝጋቢ ብዛት የሚናገረው ነገር አይደለም።

የትውልዱን ጉዳይ ለመረዳት ወደ ጎረቤት ማየት ይጠቅማል። በኬንያ ኤምፔሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በዚያን ጊዜ በብዙው ሰው ኪስ የነበረው ቁልፍ ያለው ትንሽ ስልክ ስለነበረ ጎልማሳውም ጎረምሳውም እኩል ጀማሪዎች ነበሩ፤ ያን ጊዜ በሃምሳዎቹ ዕድሜ የነበረች ነጋዴ ዛሬ አያት ብትሆንም ከአገልግሎቱ ጋር አብራ ያረጀች ሰው ናት። እኛ ዘንድ ግን ቴሌብር የመጣው ከ14 ዓመት በኋላ፣ ወጣቱ በዘመናዊ ስልክ በቴሌግራምና በፌስቡክ ብዙ ርቀት ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ሆነ። በየቤቱ ገንዘብ ያዥ የነበሩት እናትና አባት በገንዘብ ጉዳይ የልጃቸውን እጅ ጠባቂ ሆኑ። ይህን ወጣቶቹ እንደ ቀላል ነገር ያዩታል፤ በትልልቆቹ ዘንድ ግን የማይነገር ቅሬታ አለበት፤ ዕድሜ ልኩን የቤቱን ወጪ በልቡ ይዞ የኖረ ሰው «አንቺ ልጅ፣ ስንት ቀረኝ?» ብሎ መጠየቅ ደስ አይለውም።

ለእነዚህ ሰዎች ከሁሉ የሚበልጠው የቴሌብር ክፍል ማስታወቂያው ብዙም የማያነሳው *127# ነው። ይህ አጭር ቁጥር ኢንተርኔት አይፈልግም፣ መተግበሪያ አያስጭንም፣ በየትኛውም ስልክ ይሠራል። የሚሠራበት ዩኤስኤስዲ የሚባለው ስልት የድሮው የሞባይል አውታር ሥራ ነው፤ ለዘመናዊ ስልክ ተጠቃሚ ኋላ ቀር ቢመስልም በዕድሜ ለገፋ ሰው ግን ሦስት ጥቅሞች አሉት። አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ መልሱ ሁልጊዜ ቁጥር ነው። ሦስተኛው ትልቁ ነው፦ ቅደም ተከተሉ በቃል ሊጠና ይችላል። አክስቴ ዓይናቸው ደከም ያለ ሲሆን ስልኩ ላይ የሚመጣውን የምርጫ ዝርዝር ማንበብ ትተው «አንድ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ስልኩን፣ ከዚያ ብሩን» እያሉ በቃላቸው ይሄዱበታል። ዳዊት በቃሉ ለሚደግም ትውልድ የቁጥር ተራ መያዝ ከባድ አይደለም። ከዚህ የሚከተለው ግን ኩባንያው ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው፤ የዝርዝሩ ተራ በተለወጠ ቁጥር፣ ለምሳሌ አዲስ አገልግሎት ከላይ በተጨመረ ጊዜ፣ በቃል የተጠናው ሁሉ ዋጋ ያጣል። ወጣቱ ለውጡን አንብቦ ያልፈዋል፤ አዛውንቱ ግን ስልኩ የተበላሸ ይመስላቸዋል። ለአጭር ቁጥሩ ዝርዝር ተራውን ለዓመታት ሳይነኩ መተው ከማንኛውም አዲስ አገልግሎት የሚበልጥ ውለታ ነው።

በዚሁ ስልት ላይ ፊደላችን የሚከፍለው ዋጋም አለ። አንድ የዩኤስኤስዲ መልእክት የሚይዘው 160 ባይት (የመረጃ መጠን መለኪያ) ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ እስከ 182 ቁምፊ የሚያስገባው ይኸው ቦታ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ 80 ፊደል ብቻ ይችላል፤ እያንዳንዱ ፊደላችን ሁለት ባይት ይወስዳልና። አገልግሎቱ ከእንግሊዝኛ ሌላ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማልኛ መቅረቡ የሚያስመሰግነው ሲሆን፣ በአማርኛና በትግርኛ የሚመርጥ ሰው ግን በተፈጥሮው ጠባብ በሆነ ቦታ ውስጥ ይገባል፤ ዝርዝሩ ወይ ያጥራል፣ ወይ በገጽ በገጽ ይከፋፈላል። በዚያ ላይ የዩኤስኤስዲ ግንኙነት መልስ ሲዘገይበት በራሱ ይዘጋል። መነጽር ፈልጎ፣ አንብቦ፣ አስቦ ቁጥር የሚነካ ሰው ከመጨረሻው ደረጃ ላይ ተመልሶ ከመጀመሪያው መነሳት ግድ ይሆንበታል። ይህ የአንድ ኩባንያ ጥፋት ባይሆንም የመጠበቂያውን ጊዜ ማራዘም ግን የሚቻልበትን ያህል ሊሠራበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

የሚስጥር ቁጥሩ ስድስት አኃዝ ነው። ከደኅንነት አንጻር ከአራት አኃዝ ይሻላል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ግን ስድስት አኃዝ ሲመርጥ ወይ የልደት ዘመኑን ከነወሩ ይወስዳል፣ ወይ ወረቀት ላይ ጽፎ ከመታወቂያው ጋር ያስቀምጠዋል፣ ወይም ለልጁ ይነግረዋል። ሦስቱንም በየቤቱ የምናየው ነው። ለልጅ መንገር በቤተሰብ መካከል የመተማመን ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ ማንም እንደ ችግር አይቆጥረውም፤ እኔ ግን የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመት ያለው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። የሚስጥር ቁጥሩን የያዘው ልጅ ሐቀኛ ቢሆንም እንኳ ከዚያ ወዲያ የእናቲቱን ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው፤ ለዕድር የሚከፈለውን፣ ለጎረቤት ለቅሶ የሚወጣውን፣ ለገጠር ዘመድ የሚላከውን ሁሉ እናቲቱ ከማድረጋቸው በፊት ማስፈቀድ ባይሆንም ማሳወቅ ግድ ይሆንባቸዋል። በጥሬ ገንዘብ ዘመን በመቀነታቸው የቋጠሩት ብር ይህን አይጠይቅም ነበር።

ስለ ማስረጃ ደግሞ ትልልቆቹ ከወጣቶቹ ይልቅ ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። በማኅተም ደረሰኝ ያደገ ትውልድ ገንዘብ ከሰጠ በኋላ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ቴሌብር ለእያንዳንዱ ዝውውር ከ127 የሚላክ አጭር መልእክት ይሰጣል፤ መልእክቱ የገንዘቡን መጠን፣ የግብይቱን መለያ ቁጥርና ቀሪ ሂሳቡን የያዘ ሲሆን ደረሰኙን ለማውረድ የሚያስችል ማስፈንጠሪያም አለው። ይህ በጥሩ ሁኔታ የታሰበ ነው። በሱቅ በራፍ የሚታየው ልማድ ግን ሌላ ነው፦ ወጣቱ የላከበትን ገጽ ፎቶ አንስቶ «ይኸው» ይላል፣ ባለሱቁም አይቶ ያሳልፈዋል። የስክሪን ፎቶ ደግሞ በቀላሉ የሚፈበረክ ነገር ነው። በእኛ ሰፈር ያሉ አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ባለሱቅ በፎቶ አያምኑም፤ ስልካቸው ላይ መልእክቱ ገብቶ፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቀሪ ሂሳባቸው መጨመሩን ካላዩ ዕቃ አይሰጡም። ልጆቹ «ጋሼ፣ ተልኳል እኮ!» ብለው ሲቸኩሉ «የእኔም ስልክ ይናገር» ይሏቸዋል። በዚህ ጉዳይ ዘመናዊው ማን እንደሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

መካከለኛው ትውልድ፣ ማለትም ከሠላሳዎቹ መጨረሻ እስከ ሃምሳዎቹ ያለው፣ ወደ ቴሌብር የገባው በፍላጎት ብቻ አይደለም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ከግንቦት ጀምሮም በመላ ሀገሪቱ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲፈጸም ሲወሰን ታክሲ ነጂውም፣ የጭነት መኪና ሾፌሩም፣ የቤት መኪና ያለው የመንግሥት ሠራተኛም በአንድ ጊዜ ተማሪ ሆኑ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየማደያው ግርግር የበዛባቸው ነበሩ፤ ነገር ግን በሳምንት ብዙ ጊዜ የሚደጋገም፣ አስፈላጊና ሊቀር የማይችል ሥራ ከመሆኑ የተነሳ ትምህርቱ በፍጥነት ገባ። ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር አለ፦ ሰው አዲስ መሣሪያን የሚለምደው በዕድሜው ልክ ብቻ ሳይሆን በሚደጋግመው ልክ ነው። ወር ጠብቆ አንድ ጊዜ የመብራት የሚከፍል ጡረተኛ በየወሩ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ በየዕለቱ የሚቀዳ ሾፌር ግን እጁ ሳያስብ ይሄዳል።

በመብራትና በውሃ ክፍያ ረገድ አገልግሎቱ የሰጠው እፎይታ እውነተኛ ነው። በ«ለሁሉ» የክፍያ ማእከላት በራፍ የነበረውን ሰልፍ የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ሶፋ ላይ ተቀምጦ መክፈልን አያቃልልም። ይሁን እንጂ ያ ሰልፍ ለአንዳንድ አረጋውያን ከቤት የሚወጡበት፣ ጎረቤት የሚያገኙበት ጊዜም ነበር፤ ይህን የምለው ሰልፉ ይመለስ ለማለት አይደለም።

አሁን ወደ ወጣቱ ልመለስ። ቴሌብር ሱፐርአፕ በአንድ መተግበሪያ ውስጥ ብዙ መተግበሪያዎችን የሰበሰበ ነው፤ ትኬት መቁረጥ፣ የአየር ሰዓትና ጥቅል መግዛት፣ ለባንክ ሂሳብ ማስተላለፍ፣ ለነጋዴ በኪው አር ኮድ መክፈል፣ መቆጠብ፣ መበደር ሁሉም አንድ ቦታ ነው። በቻይና ዊቻትና አሊፔይ በሚባሉት መተግበሪያዎች የተለመደው ይህ አሠራር ለወጣቱ ተስማሚ ነው፤ የሚፈልገውን ለማግኘት ገጹን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ወደ ታች ማሽከርከር አይከብደውምና። በዚያው ልክ ግን የፊት ገጹ ከመጠን በላይ ተጨናንቋል። ብዙ ሰው በተግባር የሚጠቀመው መላክ፣ መክፈል፣ ካርድ መሙላትና ቀሪ ሂሳብ ማየትን ነው፤ እነዚህ አራቱ ከማስታወቂያ ምስሎችና ከብዙ ትናንሽ ምልክቶች ጋር ቦታ ሲጋሩ ለአዲስ ገቢ ዓይን የመርካቶ መግቢያ ይሆንበታል። ፊደሉን ትልቅ፣ አገልግሎቱን ጥቂት ያደረገ ሁለተኛ የፊት ገጽ አንድ ቁልፍ ተነክቶ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ሱፐርአፑ ለአያቶችም መግቢያ በር በሆነ ነበር።

የብድሩ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። «ቴሌብር መላ»፣ «ቴሌብር እንደኪሴ» እና የቁጠባው «ቴሌብር ሳንዱቅ» ከዳሸን ባንክ ጋር በመተባበር ሥራ የጀመሩት በ2014 ዓ.ም. ነው። ያለ መያዣ፣ ያለ ዋስ፣ በስልክ አጠቃቀምና በግብይት ታሪክ ላይ ተመሥርቶ አነስተኛ ብድር መስጠት ባንክ ፊት ቀርቦ ለማያውቅ ነጋዴ ትልቅ ነገር ነው። ጉሊት የምትሸጥ ሴት ጠዋት ተበድራ ዕቃ አምጥታ ማታ ብትመልስ ከአራጣ አበዳሪ ተላቀቀች ማለት ነው። ሆኖም ብድሩን ለማግኘት የሚወስደው ጊዜ ሲያጥር ለማሰብ የሚተርፈውም ጊዜ አብሮ ያጥራል። በእኔ አስተያየት ወጣቱ ትውልድ ከቴሌብር ጋር የተላመደበት ፍጥነት በዚህ ላይ ይጎዳዋል፤ ትልልቆቹ ገንዘብ ከመበደራቸው በፊት ሽማግሌ የሚያማክሩትን ያህል ወጣቱ አንድ ገጽ አንብቦ ለመጨረስ እንኳ ትዕግሥት የለውም። የአገልግሎት ክፍያውና የመመለሻው ቀን ከ«እስማማለሁ» በፊት በትልቁ ተጽፎ፣ ድምሩ በብር ተሰልቶ መታየት አለበት።

ሱፐርአፑ ትውልዶችን በአንድ ጠረጴዛ ያስቀመጠበት አንድ አጋጣሚም አለ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የአክሲዮን ድርሻውን 10 በመቶ ለሕዝብ ሲያቀርብ ሽያጩ የተካሄደው በዚሁ መተግበሪያ ነበር፤ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ስለነበረ መነሻው 9,900 ብር ነበር። ለአክሲዮን የሚሆን ተቀማጭ ያለው በአብዛኛው በዕድሜ የገፋው ሰው ነው፤ መተግበሪያውን የሚያውቀው ደግሞ ልጁ። አባት ገንዘቡን፣ ልጅ ጣቱን አዋጡ። ለአባትየው በወረቀት የታተመ የአክሲዮን ሰርተፍኬት ከስልክ መልእክት ይልቅ ያሳምነው እንደነበር ለማወቅ ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም።

ስለ ማጭበርበር አንድ ነገር ሳይነሳ ሊታለፍ አይገባም፤ ይህ በቴሌብር ላይ ብቻ የሚደርስ ሳይሆን በስልክ ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት ሁሉ ያለ ነው። የተለመደው ዘዴ «በስህተት ገንዘብ ልኬብዎታለሁና ይመልሱልኝ» የሚል ጥሪ ሲሆን ከጥሪው በፊት የውሸት አጭር መልእክት ይላካል። ሌላው ሎተሪ ደርሶዎታል የሚለው ነው። እዚህ ላይ የሚጠቃው አዛውንቱ ብቻ ነው ማለት ስህተት ነው። ትልልቆቹን የሚያስጠቃቸው ይሉኝታና የሰው ገንዘብ እጃቸው ላይ እንዳይቀር መፍራት ሲሆን ወጣቶቹን የሚያስጠቃቸው ደግሞ ችኮላ ነው፤ ማስፈንጠሪያ ሳያጣሩ መንካት ገንዘብ ያሳጣልና። መድኃኒቱ ለሁለቱም አንድ ነው፦ መልእክቱ ከ127 መምጣቱን ማየት፣ ከዚያ ደግሞ *127# ደውሎ ቀሪ ሂሳብን በራስ ማረጋገጥ። የሚስጥር ቁጥርን በስልክ የሚጠይቅ ሰው የድርጅት ሠራተኛ ነኝ ቢልም አጭበርባሪ ነው።

አማራጮችን በተመለከተ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኤምፔሳን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ እየሰጠ ነው፤ ባንኮችም እያንዳንዳቸው የስልክ አገልግሎት አላቸው፣ በተለይ የንግድ ባንክ ተጠቃሚ ብዛት በየሱቁ በሚለጠፉት የሂሳብ ቁጥሮች ይታወቃል። ለወጣት ተጠቃሚ ሁለት ሦስቱን ይዞ እንደ ሁኔታው መቀያየር ጥቅም አለው። ለአረጋዊ ግን አንዱን መርጦ በእሱ መጽናት ይሻላል፤ ሁለት የተለያዩ ዝርዝሮችን በቃል መያዝ ሁለቱንም ያደበላልቃል። በውጭ ሀገር የሚኖሩ ልጆች ለወላጆቻቸው ገንዘብ ሲልኩ ሐዋላውን በቀጥታ ወደ ቴሌብር ማስገባት መቻሉ እናትን ከባንክ ሰልፍ ያድናል፤ ነገር ግን ከዋሽንግተንም ሆነ ከቴል አቪቭ የሚልክ ልጅ ከመላኩ በፊት ስልኩ በእርግጥ በእናቱ እጅ መሆኑን፣ የሚስጥር ቁጥሩስ ከማን ጋር እንዳለ ቢጠይቅ አይከፋም።

በቤቱ ወላጅን ለማስተማር ለሚነሳ ሰው ያለኝ ምክር አጭር ነው። ስልኩን ከእጃቸው አትውሰዱ፤ እናንተ እየነካችሁ «አያችሁ፣ እንዲህ ነው» ማለት ማስተማር አይደለም። በአጭር ቁጥሩ ጀምሩ። ለመጀመሪያ ልምምድ አምስት ወይም አሥር ብር ለጎረቤት ወይም ለእናንተው እንዲልኩ አድርጉ፤ ከማረጋገጣቸው በፊት የተቀባዩ ስም ሲመጣ ጮክ ብለው እንዲያነቡት ጠይቁ። በሚቀጥለው ቀን ድገሙት። ሱፐርአፑ ከወር በኋላ ቢመጣ ይደርሳል።

ከኩባንያው የምጠብቀው ደግሞ ውክልና ነው። በባንክ ሂሳብ ላይ ልጅን በሕጋዊ ውክልና ማስገባት የቆየ አሠራር ነው፤ በቴሌብር ዝርዝር ውስጥ ግን እስካሁን አላየሁትም። እናት የራሳቸውን የሚስጥር ቁጥር ለራሳቸው ይዘው፣ ለመረጡት ልጅ በራሱ ስልክና በራሱ የሚስጥር ቁጥር የመብራትና የውሃ ሂሳብ ብቻ እንዲከፍል፣ በወር ከወሰኑት መጠን እንዳያልፍ የሚፈቅዱበት፣ ልጁ በከፈለ ቁጥርም መልእክቱ ለእሳቸው የሚደርስበት አሠራር ቢኖር፣ በየቤቱ በወረቀት ተጽፈው የተቀመጡት ስድስት አኃዞች አብዛኞቹ ሊቀደዱ ይችላሉ። ፈቃዱን ማንሳትም በ*127# በአንድ ቁጥር የሚሆን መሆን አለበት።